እናቷ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ያለችባት ተማሪ

ለተከበሩ የስደተኛ ቤተሰቦችና ተማሪዎች ድጋፍ ማዕከል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እኔ የሆቴል አንሶላ ተኳሿ እናት ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ እንቅልፍዎም የጣፈጠ እንዲሆን እመኛለሁ። የእኔ እንቅልፍ ከጠፋ ስለሰነበተ፣ ተኝቶ ለሚያድር ሰው ከልብ ደስ ይለኛል።

ማዕከልዎ ለቤተሰባችን ስላደረገው ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ከምስጋናው የተረፉትን ጥቂት ቅሬታዎች ግን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ትምህርት ሊከፈት ሲል ሠራተኛዎ ቤታችን ድረስ መጥታ፣ ልጄ ማንበብና መጻፍ የሚያግዛት አስጠኚ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም በማዕከልዎ የአዋቂዎች ክፍል መጀመሪያ የተማርኩትን ዓረፍተ ነገር አስታውሼ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኳት። እኛ ዘንድ ይህ እምቢታ እንዳልሆነ፣ ገና ሲጠየቁ እሺ ማለት እንደ ስግብግብነት እንደሚቆጠር፣ ጠያቂም «ግድ የለም፣ ይሁን» ብሎ መድገም እንዳለበት ሠራተኛዎ በምን ትወቀው? ፈገግ ብላ መልሴን ጻፈችና ሄደች። እኔም ትመለሳለች ብዬ መስኮት ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጉዳያችንን እንዲህ በአጭሩ ስለቋጨችልን አመሰግናታለሁ።

2ኛ. ከበላያችን ፎቅ ያሉት አውቶቡስ ነጂና ባለቤታቸው፣ ከታች ያለችው ልብስ ሰፊም፣ ተመካክረን ያደረግነው ይመስል ያንኑ መልስ ሰጥተው ኖሯል። በወላጆች ስብሰባ ላይ እርስዎ መድረክ ወጥተው፣ የእኛ ሰፈር ወላጆች ፍላጎት ስለሌላቸው አስጠኚዎቹ ልጆቹን ሊያስጠኑበት የነበረው የማዕከሉ ማጥኛ ክፍል መዘጋቱን ሲያበስሩ፣ እኛ ደግሞ ተናጋሪ እንዳይከፋው አጨበጨብን። ክፍሉ ዛሬ የትርፍ ወንበሮች ማስቀመጫ ሆኗል፤ ወንበሮቹ መጠለያ በማግኘታቸው ደስታዬ ወሰን የለውም።

3ኛ. ይህኛው ቅሬታ እንኳ አይደለም፤ የት እንደማቀርበው ስላጣሁ ነው እዚህ የጻፍኩት። በዚያ ስብሰባ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ንግግርዎን እየተረጎመችልኝ ነበር። «ፍላጎት የላቸውም» ካለች በኋላ መተርጎሟን አቆመች። ቤት ስንገባ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «እማዬ፣ ያን ቀን ጓዳ ሆኜ እየሰማሁሽ ነበር። እኔ እኮ እፈልግ ነበር» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጆቹ ተራ በተራ ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ የእኔዋ ሆዴን አመመኝ ብላ እንደምትወጣ አስተማሪዋ ነግራኝ ነበር፤ እያወቅኩ ነው አይ ያልኩት። ይሉኝታ ነው ብዬ ራሴን ባጽናናም፣ ግማሹ ኩራት ነበር፤ እንግዳ ፊት ችግራችንን መግለጥ አሳፍሮኝ የልጄን ድርሻ በእጄ ገፋሁ። በእርስዎ ተናድጃለሁ፤ በራሴ ግን አፍሬአለሁ፣ ማፈሩ ደግሞ ከንዴቱ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ይሉኝታዬን አውልቄ እጠይቃለሁ፦ ክፍሉ ይከፈት። ልጄ አስጠኚ ትፈልጋለች። የአውቶቡስ ነጂው ልጆችም፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅም ይፈልጋሉ፤ እኔ ራሴ በየቤታቸው ሄጄ ጠይቄአቸዋለሁ፣ እንደ ወጉም ደግሜ ጠይቄአቸዋለሁ። ወንበሮቹ የሚሄዱበት ከጠፋ እኛ ቤት ይምጡ፤ እንግዳ አንመልስም።

ለወንበር ያለዎትን ርኅራኄ ሁሌም የማደንቅ፣ ለተማሪም እንዲተርፍ የምለምን፣

አክባሪዎ፣ አንሶላ ተኳሿ እናት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ እርስዎ ቋንቋ ገልብጣ የጻፈችው ልጄ ናት፤ ስለ እኔ የሚለውንም ሳትዘል። ስሕተት ካገኙበት እባክዎ አይፍረዱባት፤ አስጠኚ አያስፈልጋትም ተብላለች።