የኣለምሰገድ ዘንግ

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ከአማቴ ከኣቦይ ሃይለማርያም ጋር ግድቡ ላይ ዋልን። ከቁሓ ማዶ ያለው። ሰው ሁሉ ሐይቅ ይለዋል… እኔ የዝዋይ ልጅ ነኝና አፌ እሺ አይለኝም። ውሃው ደፍርሷል። ኣቦይ ጥቂት ቆሮሶ ዓሣ ያዙ፣ አንዱም ከመዳፌ አይበልጥም። እየተቆጡ መለሷቸው። ዓሣ ሲቆጡ ሳይ በኚህ ሰው አማችነት ደስ ይለኛል።

እንደ ልማዳችን ሁለት ዘንግ ተሸክሜ ሄድኩ። አንዱ የኣቦይ፣ ሌላው የባለቤቴ የፍሬወይኒ ወንድም የኣለምሰገድ። በጦርነቱ ወጥቶ አልተመለሰም። የእሱን ዘንግ ኣቦይ ጭቃው ላይ ይተክሉታል፣ ትል ግን አያስሩበትም። "ባለቤቱ ሲመጣ ያስርበታል" ይላሉ።

"ወንድሜነህ ወደይ፣ ልጄ፣ ኣለም ሲመጣ የሚይዘው ዓሣ ይኖራል?" አሉኝ እንደ ሁልጊዜው።

"ሁለት ክረምት ካረፈ ይኖራል።"

"እንግዲያስ ይደርሳል።"

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

የግብርና ቢሮው በግድቡ ዓሣ ላይ የማጠናውን ጥናት ቶሎ ይፈልጋል። ወጣቶች ተደራጅተው ቢያጠምዱ ያዋጣል ወይ? ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ሳያልቅ ከተማው ውስጥ ሮማናት አደባባይ አካባቢ ያሉ ሆቴሎች ለፍልሰታ ዓሣ ፍለጋ ጀምረዋል።

መረቤን አወጣሁ። እዚህ ግቡ የማይባሉ ዓሦች እንቁላል ይዘዋል። ትልልቆቹ ስላለቁ በልጅነታቸው ይወልዳሉ። በዚያ ክፉ ጊዜ ሰው በአጎበር ሳይቀር ጠርጎ አወጣው፣ የዓሣ ጫጩቱም አልተረፈም። ርቦት ነው፣ ማን ይፈርዳል? ከጦርነቱ በፊት ግን እኔና ኣለምሰገድ ነበርን ጫጩቶቹን በባልዲ አምጥተን የለቀቅናቸው። እሱ "ደሓን እደሩ" እያለ ነበር የሚለቃቸው። ሞኝ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

አንዲት እናት ቆሮሶ መረቡ ውስጥ ገባች። ሳፋ ውስጥ ስጨምራት ከአፏ ጫጩት ፈሰሰ። ኣቦይ ደንግጠው አማተቡ።

"ልጆቿን በላቻቸው?"

"አልበላቻቸውም። አፏ ውስጥ ነው የምታሳድጋቸው። እስክትለቃቸው ምግብ አትቀምስም።"

ሳፋው ላይ አጎንብሰው አዩዋት። "እዋይ… እንዲህ የሚጾም መነኩሴም ኣላየሁ።"

ከነልጆቿ መለስናት። ቤት እስክንደርስ ወሬያቸው እሷ ብቻ ነበረች። ለፍሬወይኒ ነገሯት፣ ለጎረቤትም ነገሩ።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡ አላቋርጥ አለ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ቀሺ ገብረዝጊ የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ጠበቁኝ። የቤቱ የንስሐ አባት። እኔን ፍለጋ እዚህ መጥተው አያውቁም።

ኣለምሰገድ የለም። አብሮት የነበረው ሓፍቶም ሰሞኑን ተመልሶ ነገራቸው። በእጁ ነው የቀበረው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የጦርነቱ ሟቾች መርዶ በየቤቱ ሲነገር የእኛን በር ማንም አላንኳኳም። ኣቦይ ያኔ "እንግዲያስ በሕይወት ኣለ" አሉ። እኔም አመንኩ። እኔ! ያላየሁትን አላምንም ባዩ።

"ኣሁን ኣይነገርም" አሉኝ ቀሺ። "ጾም ላይ ናቸው፣ ሆዳቸው ባዶ ነው። ጾሙ ይፈታ፣ ኣሸንዳም ይለፍ፣ የውቅሮ ዘመዶች ይሰብሰቡ። ከዚያ በማለዳ እንመጣለን። ከቤቱ ኣንድ ሰው ማወቅ ስላለበት ነው የነገርኩህ። ምስጢሯን ያዛት።"

"ለፍሬወይኒስ?"

"ለማንም።"

እንዴት ነው የሚያዘው? ፍሬወይኒ ራት ስታቀርብ ራሴን አሞኛል አልኳት።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

እንዴት ልሂድ? ቀርቼስ ምን ልበል? ሄድኩ። ውሃው ዳር ስንደርስ ኣቦይ እጄን አዩ።

"ዛሬ ኣንድ ብቻ ነው?"

የኣለምሰገድን ዘንግ ቤት ትቼው መጥቻለሁ። በሩ አጠገብ እንደቆመ። ረስቼው አላውቅም ነበር።

"እንቅልፌ ሳይለቀኝ ተነስቼ…" አልኩ።

"ደግ" አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ክራቸውን ወረወሩ። ዛሬ ስለ ዓሣው አልጠየቁኝም።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ሪፖርቱን ሰጠሁ። ሁለት ክረምት ይዘጋ፣ መንጠቆም መረብም አይግባበት። የኃላፊው ፊት ጠቆረ። ወጣቶቹስ ምን ይብሉ? አለኝ። እውነቱን ነው። ግን የሌለውን ዓሣ አለ ብዬ ልጻፍ? የዓሣን እውነት መናገር እንዴት ቀላል ነው።

ቤት ስገባ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ፍሬወይኒ የወንድሟን ጃኬት ፀሐይ ላይ አውጥታ ታራግፋለች፣ ብል እንዳይበላው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ሁለቱንም ዘንግ ይዤ ሄድኩ። ኣቦይ ተቀብለውኝ የእሱን እንደ ድሮው ተከሉት። እፎይ አልኩ። አላወቁም።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

የፍልሰታ ጾም አበቃ። የኣሸንዳ ልጃገረዶች በራችን ላይ ከበሮ መቱ። ኣቦይ መረቋቸው። ፍሬወይኒ ወጥታ አብራቸው ዘፈነች። ምነው ቀኑ ባልመሸ።

ነሐሴ 25፣ እሁድ

ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ልከፍት ስወጣ ኣቦይን ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው። የቤቱን ወንበሮች ሁሉ አውጥተው በግድግዳው ጥግ ደርድረዋል።

"ክፈትላቸው" አሉኝ።

ቀሺ ገብረዝጊና የውቅሮ ዘመዶች ገቡ። የፍሬወይኒን ጩኸት አልጽፈውም።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ፍሬወይኒ አታየኝም። "ኣጠገቤ እየተኛህ…" ብላ ተወችው።

ወደ ማታ ኣቦይ ሳህን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ብላ። እንደዚያች ዓሣ ኣፍህን ዘግተህ ከረምክ። ኣሁን ለቅቀሃል፣ ብላ።"

አጎረሱኝ። ልጁ የሞተበት ሰው እኔን ያጎርሳል። ከእንባዬ ጋር ዋጥኩት።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ትናንት የአርባ ቀን ተዝካሩ ወጣ። ዛሬ ስወጣ ፍሬወይኒ ሹራቤን ይዛ ተከተለችኝ። "ይበርዳል" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሷ ጀምራ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ኣቦይ የኣለምሰገድን ዘንግ ብቻ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር።

"ግድቡ ለማጥመድ ተዘግቷል እኮ ኣቦይ። ያስዘጋሁት እኔው ነኝ።"

"ኣውቃለሁ።"

ግድቡ ሞልቷል፣ ውሃውም ጠርቷል። ዘንጉን እንደ ድሮው ያለ ትል ተከሉትና ተቀመጥን።

"ዘንጉን የረሳህ ቀን ነው ያወቅሁት" አሉ ውሃውን እያዩ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ፍሬወይኒ ጾም ላይ ነበረች። ሆዷ ባዶ ነበር።"

ያን ሁሉ ቀን፣ አንድ ቤት ውስጥ! እኔ ለእሳቸው ስሳሳ፣ እሳቸው ብቻቸውን ይዘውት… እጃቸውን ያዝኩ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ "ሁለት ክረምት ነው ያልከው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ኣቦይ።"

"እኔ ኣልደርስ ይሆናል።" ዘንጉን ከጭቃው ነቅለው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡኝ። "ያን ጊዜ ኣንተ ትል እሰርበት።"