ሰባቱ የውስጥ በሮች

ላሙ፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ

ለልጄ፣

የአላህ ሰላምና እዝነቱ ባለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሽልኛል? የናይሮቢ ብርድ ደረትሽን እንደ ልጅነትሽ እንዳያስቸግርሽ እሰጋለሁ። እኔ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ፤ ይህንንም የምጽፍልሽ መስኮቱ ሥር ተጠግቼ ነው። የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ገብቷል፤ ጀልባዎቹ ሸራቸውን ነፍተው ይመጣሉ፤ የባሕሩ ዳርቻ በአህያና በሲሚንቶ ከረጢት ተጨናንቋል። እናትሽ ሰላም ትልሻለች። ጉልበቷ ወደ መንገድ የሚያወርደውን ደረጃ እንቢ ካላት ሁለት ዓመት አልፎታል። ሃያ ሁለት እርከን ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

የላክሽው ጥቅል ባለፈው ማክሰኞ ደረሰኝ። የጥሪውን ካርድ አየሁ፤ መጽሔቱንም ከዳር እስከ ዳር አነበብሁ። የከተማ ዕቅድ ባለሙያዎች ማኅበራችሁ «ነዋሪውን ባሳተፈ የከተማ ልማት» የዓመቱን አንደኛ ሽልማት ለአንቺ መስጠቱን ተረዳሁ። አርባ ዓመት ሰዋስው ሲያስተምር የኖረ አባት የልጁን ስም በወፍራም ፊደል ታትሞ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው አታጪውም። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ከገጽ ዐሥራ አራት አላለፈም።

በገጽ ዐሥራ አራት ላይ ካርታው አለ።

ካርታውን የሠራሽበትን ጊዜ ላስታውስሽ። ረስተሽዋል ብዬ አይደለም፤ ነገርን ከሥሩ ካልጀመርሁ መጻፍ የማይሆንልኝ ሰው ስለሆንሁ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሜትርና ደብተር ይዘሽ መጣሽ። በሰፈራችን ወንዱ ከታች በጠባቡ መንገድ ይሄዳል፤ ሴቶቹ ደግሞ ከላይ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በሚያሻግሩት ድልድዮችና በውስጥ በሮች ይተላለፋሉ። ከእናትሽ ቤት ወደ ጎረቤታችን ቢ ሳውዳ ቤት፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ሰባተኛው በር። ለወላድ ሊደርሱ፣ ለቅሶ ሊቀመጡ፣ ጨው ሊበደሩ፣ ጥቁሩን መሸፈኛ ሳይለብሱ እንደ አንድ ቤት ሰው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እኔ ወደ እናትሽ ቤት ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከመጀመሪያው በር ወዲያ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። ወንድ አያውቀውም፤ አይጠይቅምም። አንቺ ግን የሐልዋ ሳህን ይዘሽ ስትሮጪበት አድገሻል።

በገንዘባቸው የተማመኑ ሰዎች ቤት እየገዙ በሮቹን ይደፍናሉ አልሽ። በሮቹ በካርታ ተሥለው መዝገብ ቤት ከተቀመጡ ማንም አይነካቸውም፤ ካርታውንም ከፈቃድ ሰጪው ሹም በቀር የሚያየው የለም አልሽ። ሴቶቹ በእኛ ሰገነት ላይ ተሰብስበው ሲሰሙሽ ቢ ሳውዳ፣ «ይህችን ልጅ ስትወለድ ያጠብኋት እኔ ነኝ። አሁን ቤቴን ልትለካ መጣች፤ በሚቀጥለው ወገቤን ትለካለች፤ ያን ጊዜ ሜትሩ አይበቃትም» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን አንዳቸውም በሬን እከፍታለሁ አላሉም። ያን ጊዜ እናትሽ፣ «ልጄ ናት። እኔን የምታምኑኝን ያህል እመኗት» አለች። በሮቹን የከፈተልሽ ያ ቃል ነው እንጂ ዲግሪሽ አይደለም።

የስምምነቱን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቃላቱን ሦስት ቀን አሰብሁባቸው። «ይህ መንገድ ሲሄዱበት ለኖሩት ይጠበቅ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ፣ በዕድሜዬ ከጻፍሁት ሁሉ የተሻለው ይህ ነው ብዬ ነበር። ሰባቱ ሴቶች አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አሻራቸውን አኖሩ፤ እኔም በምስክርነት ፈረምሁ።

አሁን በመጽሔቱ ላይ ሰባቱ በሮች በቀይ ቀለም ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ዳኞቹ ያመሰገኑሽ «ለዘመናት ተዘግተው የኖሩ መተላለፊያዎችን ለጎብኚዎች በመክፈትሽ» ነው። ከሥሩ የእኔ ወረቀት ከነአሻራው ፎቶ ተነሥቶ ወጥቷል፤ ነዋሪዎቹ በሙሉ ልብ ለመስማማታቸው ማስረጃ ተብሎ። እኔ በር እንዲጠበቅ የጻፍሁት ቃል በር መክፈቻ ሆኖ ተሸለመ። ልጄ፣ ባዕድ ሰው ቢያደርገው ተታለልሁ እል ነበር። አንቺ ስታደርጊው ግን ሌላ ቃል አጥቼ ተካድሁ ብያለሁ።

ነገሩን መጽሔቱ አልነገረኝም፤ ገጹን ሳየው አስቀድሜ ያወቅሁትን ነው ያረጋገጥሁት። የዛሬ ስምንት ወር ቢ ሳውዳ በዚያ ዕድሜያቸው በመንገዱ በኩል ዞረው መጥተው አስጠሩኝ። ወርጄ ከደረጃው ሥር አገኘኋቸው። ቤታቸው ውስጥ ፀጉራቸውን ገልጠው እግራቸውን ሂና ተቀብተው ተቀምጠው ሳሉ አንድ ጎብኚ ከነአስጎብኚው በድልድዩ በኩል ብቅ አለ። «በእጁ ወረቀት ይዟል፣ መምህር፤ ወረቀቱ ላይ የእኔ በር ሁለት ቁጥር ነው። ካሜራውን አነሣና ይህ ስንተኛው ክፍለ ዘመን ነው ብሎ አስጎብኚውን ጠየቀው። እኔ ገና ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው አልሁት» አሉኝ። እየሳቁ ነበር የነገሩኝ፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ለእናትሽ ይነግሯታል ወይ ብዬ ሳልጠይቃቸው ቀድመው፣ «ለእሷ አልነግራትም። ልጇ ናት። ወደ እሷም አልመጣም፤ ብመጣ ምላሴን አላምነውም» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ወንዶች ልጆቻቸው የድልድዩን በር በድንጋይና በኖራ ደፈኑት። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ከሰባቱ ዛሬ ክፍት የቀሩት ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ከእኛ አይገናኙም። ሀብታም እንዳይደፍናቸው ያልሻቸውን በሮች ባለቤቶቻቸው በእጃቸው ደፈኗቸው።

እናትሽ ኖራው ሲለሰን ከዚህ ወገን ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ምን ሆኑ ብላ ጠየቀችኝ። ሌባ ፈርተው ነው አልኋት። ቢ ሳውዳ ስድሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ በዚያ በር ይመጡ ነበር፤ አሁን እናትሽ ከነጩ ልስን ፊት ለፊት ተቀምጣ ኮኮናት ትፍቃለች። ሁለት ሰው የማይጨርሰውን ያህል ትፍቃለች።

ጥቅልሽ ሲመጣ አንብብልኝ አለችኝ። ከቁርኣን ፊደል በቀር ሌላ እንደማታነብ ታውቂያለሽ፤ መጽሔቱም በእንግሊዝኛ ነው። ገጽ ዐሥራ አራት ላይ ስደርስ የሌለውን አነበብሁላት። ካርታው በመዝገብ ቤት ተቆልፎ መቀመጡን፣ ልጇ የሴቶቹን አደራ በመጠበቋ መመስገኗን፣ እንደ ተጻፈ አድርጌ ሳልደናቀፍ ተወጣሁት። መጽሔቱን ተቀብላ አውራ ጣቷን በመጀመሪያው አሻራ ላይ አኖረችና ቆየች። «ጥሩ ታነባለህ፣ መምህር» አለችኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር አንባቢነቴን ስታደንቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። በሽልማቱ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ቃል እንድናገር ላልሽው፣ አልመጣም። የምናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረኝ፤ እሱንም አሳትመሽዋል። የሽልማቱን የናስ ሰሌዳ በቤታችን ግድግዳ ላይ ለማስቀመጥ ስላልሽው ግን ፈቃዱ የእኔ አይደለም። ቤቱ የእናትሽ ነው፤ በአገራችን ልማድም ነገ ያንቺ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጠየቅኋት። ኮኮናቱን ሳትተው መለሰችልኝ፤ ቃሏን ሳላቃና አሰፍራለሁ፦

«የሰሌዳውን ነገር ሳውዳን ትጠይቃት፤ ግድግዳው የጋራችን ነው። ለሳውዳም ንገራት፣ ምላሷን ይዛ ትምጣ፤ ሁለታችንም አርጅተናል። ልጄ ስትመጣ በመንገዱ በር ትምጣ። እንደ ማንኛውም እንግዳ ከደረጃው ሥር ቆማ ሦስት ጊዜ ሆዲ ብላ ትጣራ፤ ግቢ እስክላት ትጠብቅ። እመልስላታለሁ። መውረድ ባልችልም ድምፄ ታች ይደርሳል። በዚህ ደረጃ የታችም ድምፅ ላይ ይደርሳል።»

ለካ ቢ ሳውዳ ከደረጃው ሥር የነገሩኝን ስምንት ወር ሙሉ ታውቀው ኖሯል።

ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት አነብላታለሁ፤ ያለውን ብቻ። ከዚያ ወርጄ ወደ ቢ ሳውዳ በመንገዱ በኩል እዞራለሁ።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ ሥራሽን ይባርክልሽ፤ መንገድሽን ወደ ቤትሽ ያቅናልሽ።

አባትሽ