ያልሞተ ሰው ልቅሶ

ማንኩሳ፣ ጥር ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ በጫካ ላለኸው ለባለቤቴ ለይሄይስ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔና ልጃችን አደይ በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ግን አልልህም። አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ለዛሬ ኖሯል፤ ይህ ለጸሐፊ የሚነገር ነገር አይደለም። አንብበህ አቃጥለው።

ፈንጣጣ ከገባ ሦስት ወሩ ነው። አገሩ እንደ ልማዱ የታመመበትን ቤት መንገድ በእሾህ አጠረ፤ ገበያም ቀረ። ቡሬ ላይ ጣሊያን ክትባት አመጣ ሲሉኝ አደይን አዝዬ ሄድኩ። መድኃኒቱ በሣጥን በሣጥን ተደርድሯል። ሐኪሙም እጁ ፈጣን ነው። ምን ዋጋ አለው! በሩ ላይ ጠመንጃ እንፈልግ ብለው ነጠላችንን ሲያራግፉ፣ የጭቃ ሹም ቃል፣ የቄስ ምስክር፣ የአስተርጓሚ ማኅተም ሲሉ ፀሐይ ትጠልቃለች። ሐኪሙ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ሕዝቡ ደጅ ላይ ተፋፍጎ በሽታውን ይቀባበላል።

አስተርጓሚው ክንዱ፣ ያ ባንዳ፣ «ባልሽ የት አለ?» አለኝ።

«ሞቷል።»

«ልቅሶው ሳይሰማ የሞተ ሰው አላውቅም። የሽፍታ ልጅ አይከተብም። ልቅሶ ተቀመጭና መጥቼ ልይ፤ ያኔ ማኅተሙን እመታልሻለሁ።»

ምን ላድርግ? በሰፈራችን በአንድ ሳምንት ሦስት ሕፃናት ተቀብረዋል። ተመልሼ አለቀስኩልህ። ፀጉሬን ተላጨሁ፣ ልብስህን በበቅሎህ ላይ ጭኜ ሙሾ አስወረድኩ። ገበያ የቀረ ሰው ልቅሶ አይቀርም፤ ይህን እያወቅሁ ነው መርዶ ያስነገርኩት። አገሩ እሾሁን ተሻግሮ መጣ፣ ተቃቅፎ አለቀሰ።

እናትህ እመት እማዋይሽም ከገበዝ ማርያም በእግራቸው መጡ። ፊታቸውን ነጭተው አንገቴ ላይ ወደቁ። «ልጄን የት ቀበራችሁብኝ? መቃብሩን አሳዪኝ» አሉኝ። ክንዱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። አቅፌያቸው ሙሾውን ቀጠልኩ። እሱም «እናት እንዲህ አታስመስልም» ብሎ ማኅተሙን መታ።

አደይ ተከተበች። እኔን «ለዛሬ በቃ» ብለው መለሱኝ፤ ሣጥኑ ሞልቶ እያየሁት!

አንተንም ተቆጥቼሃለሁ። ለአገር ብለህ መውጣትህ ደግ ነው፤ ለቤትህ የተውክለት ግን ስምህን ብቻ ነበር፤ እሱም ልጅህን ሊገድላት ነበር።

ክንዱ ከሄደ በኋላ እናትህ እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። ወሬው ያመልጣቸዋል ብዬ ፈራሁና ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አተኮሳቸው። ለብቻ ጎጆ አስገብተን በእሾህ አጠርን፤ ፈንጣጣ ወጥቶላት የዳነች አንዲት ሴት ውኃ ታቀብላቸው ነበር። እኔ ለአደይ ብዬ አልገባሁም።

ለልቅሷቸው እንዳትመጣ። የሞተ ሰው ልቅሶ አይደርስም። ብትረግመኝ እርገመኝ።

ሊያርፉ ሲሉ ግን ከአጥሩ ማዶ ቆሜ፣ ማንም ይስማ ብዬ፣ «እመት፣ ይሄይስ አለ! አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«አዎ ልጄ» አሉኝ፤ «አየሁት፤ ሊወስደኝ መጥቷል።»

ገበዝ ማርያም ከጥይት ትሰውርህ።

ጥቁር ለብሳ የምትጠብቅህ፣
ንግሥቴ