የአስቴር ድንኳን

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

የልጄ የአስቴር ሠልስት ዛሬ ነበር። የተቀመጥንበትን ድንኳን ለእድራችን የገዛችው እሷው ናት። አባቷ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛው በዝናብ ሲደበደብ አይታ፣ ጨርቅ ነግዳ ባገኘችው ገዛችው። ከዚያ ወዲህ ክርስቲያን እስላም ሳይባል የሰፈሩ ሐዘንተኛ ሁሉ ተጠልሎበታል።

ከሰዓት በኋላ ወሎዬው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ዐረፉ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ቶለሳ መጥተው ደጃፌ ላይ አመነቱ።

«አዴ እናኑ፣ ይኼ ድንኳን እስከ ሰባተኛው ቀን ይቆይልዎት። እዚያ ሸራ እንወጥራለን።»

«በዚህ ዝናብ ሸራ? አስቴር ብትሰማ በምሰሶው ታባርርዎት ነበር!»

ሳቁ፤ ወዲያው እንባቸውን ጠረጉ። እህቴ ግን ተቆጣች። «ለቅሶው ሳይሰነብት ደጅሽን ባዶ ታደርጊዋለሽ?» አለችኝ። እኔም ፈርቼ ነበር። ድንኳኑ ሲነሳ ልጄ ዳግመኛ ከቤት የምትወጣ መሰለኝ። ቢሆንም የመጀመሪያውን ካስማ የነቀልኩት ራሴ ነኝ።

ወደ ማታ ዝናቡ ሲወርድ ጋሽ ሰይድ ቤት ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ አንድም ሰው አልረጠበም። አንዲት የማላውቃት ሴት ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና፣ «ይህን የገዛ ሰው አላህ ጀነት ይስጠው» አለች።

«ልጄ ናት» አልኳት።

ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ።