በጾም የተፈጨው ሽሮ

የካቲት 24፣ ማክሰኞ፣ ቀን 8፡00
ሙቀት። አቧራ። በሰው አገር፣ ኢምባካሲ ሰፈር፣ መጋዘኑ ውስጥ፦ እኔ፣ ወፍጮው ላይ ዋንጂሩ፣ ስልኩ ላይ ባለቤቱ ጋሽ መኮንን። ጧት ለውዝ ፈጨን፤ ጾም ስለገባ የለውዝ ሻይ ፈላጊው ብዙ ነው። አሁን በዚያው ወፍጮ ሽሮ። መሃል ላይ ለማጽጃ ሁለት ኪሎ አተር እናሳልፍበታለን። ለውዙን ጠርጎ ይወጣል፤ ወዙ በእጅ ይታወቃል። እህል መጣል ነውር ነው ይላል ጋሽ መ.፤ አተሩ ተመልሶ ሽሮው ውስጥ ይገባል። አራት ካርቶን አሸግኩ። ሌብሉ፦ አተር፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። ለውዝ የሚል የለም። ደብተሬ፣ ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ።

የካቲት 25፣ ረቡዕ
ተናገርኩ። በስንት ጊዜዬ። ከስልጠና የተረፈ ወረቀት አለኝ (እንግሊዝኛዬን የለቀምኩት ከካርቶን ላይ ነው)። አለርጂ የሚያስነሳ ነገር በዚያው ወፍጮ ካለፈ እሽጉ ላይ ይጻፍ ይላል። ጋሽ መ. ሳቀ። «አስኩ፣ ‹የጾም› ብለን ጽፈናል። ከዚህ በላይ ምን ንጽሕና አለ?» ለውዝም እኮ የጾም ነው አልኩት። «ፕሮፌሰር ሆንሽብኝ!» አዲስ ሌብል የሚታተመው የድሮው ሲያልቅ ነው። የድሮው ከፋሲካም ይተርፋል። ዋንጂሩ ፖሌ አለችኝ፣ አይዞሽ ለማለት።

የካቲት 27፣ ዓርብ
ሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል። የጽዳት ቅጽ፦ ከወፍጮው የወጣው ማጽጃ አተር ተወግዷል ይላል። ጋሽ መ. እስክሪብቶ ሰጠኝ። ፈረምኩ። ለምን አትበለኝ፤ የሥራ ፈቃዴ በእሱ በኩል ነው። ካርቶኖቹ ወደ መሃል ከተማ ሱቆች ሄዱ።

የካቲት 29፣ እሑድ፣ ማታ 1፡00
ሰብለ፣ የምኖርበት የሳውዝ ሲ ሰፈር ጎረቤቴ። ልጇ ሊያ ለውዝ ከነካች ጉሮሮዋ ይዘጋል፤ አንዴ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የኛን ሽሮ ትናንት ከሱቅ እንደገዛች ነገረችኝ። ነገ ለሊያ ምሳ ትሠራላታለች። የማምነው የናንተን ብቻ ነው አለች፣ ሌብሉን እስከ መጨረሻው አንብባ። ያሳመንኳት እኔ ነኝ። ያኔ ጾም አልነበረም፤ ለውዝ አንፈጭም ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ። ይኸው ተቀምጫለሁ። ብናገር ሥራውም ፈቃዱም የለም። ዝም ብል ደግሞ…

የካቲት 30፣ ሰኞ
ጧት 12፡20 የሰብለን በር አንኳኳሁ። ነገርኳት፦ ወፍጮውን፣ አተሩን፣ ፊርማዬን። እሽጉን አምጥታ እንደገና አነበበችው። «እኔ እኮ ሳላነብ አላበላትም» አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል። እሽጉን ሰጠችኝ። በሩን ዘጋች።
2፡15 ኢምባካሲ። ቅጹን ተቀብዬ ፊርማዬን ሰረዝኩ። ጋሽ መ. አልጮኸም። ሌላ ቅጽ አወጣ። ዋንጂሩ ሳታየኝ ፈረመች። ሽርጤን አጥፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። ማታቱ፣ የዚህን አገር ሚኒባስ ታክሲ፣ ተሳፈርኩ።
4፡00 መሃል ከተማ፣ የመጀመሪያው ሱቅ። የኛን ሽሮ ልሰበስብ መጣሁ አልኩት። ባለሱቁ ምኑን ትሰበስቢያለሽ አለኝ፣ ቅዳሜውኑ አልቋል። መቼ ነው ሌላ የምታመጡልን?