የማርያም መጋረጃ ከጅብ ሥር

ጥቅምት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ክንፈሚካኤል
የሦስቱ ወንዞች ቤተ መዘክር ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ግምገማውስ እንዴት ይዞዎታል? አምላክ ወንበርዎን ያጽናልዎ። እኛ ከማንኩሳ በታች የምንኖር የማርያም አጥቢያ ሰዎች፣ ቤተ መዘክርዎን ጎብኝተን ከተመለስን ወዲህ ከያዘን ማቅለሽለሽ በቀር ደህና ነን።

አንደኛ፣ ጥበብን፣ ታሪክንና የተፈጥሮ ሳይንስን በአንድ የማዳበሪያ መጋዘን ስላዋሐዱልን እናመሰግናለን። ታሪክ ማለት እርስዎ በየስብሰባው የተነሷቸው ፎቶግራፎች መሆናቸውን ተረድተናል። የተፈጥሮ ሳይንሱም ያ ጭድ የተጎሰጎሰበት ጅብ መሆኑን ከበሩ ሳንደርስ አፍንጫችን ነግሮናል፤ ቆዳው በቅጡ ሳይለፋ ስለተሰፋ ዛሬም ከሆዱ ትል ይረግፋል።

ሁለተኛ፣ ጥበቡ የእኛ ነው። የማርያምን ሥዕል ከነመጋረጃዋ ለቤተ መዘክርዎ ምረቃ ሲወስዱ፣ ለኅዳር ጽዮን ንግሥ እመልሳለሁ ብለው በሽማግሌ ፊት አደራ ተቀብለዋል። ሥዕሏ በመጋረጃ ተሸፍና እንደምትኖር፣ ካህን ካልገለጣትም እንደማትታይ የአጥቢያችን ቄስ ሸጋዬ ደጋግመው ነግረውዎት ነበር። እርስዎ ግን ሕዝብ ይያት ብለው ገልጠው ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ላይ ሰቀሏት፤ መጋረጃዋንም፣ ወለሉ እንዳይቆሽሽብዎ ይሆናል፣ ከጅቡ ሥር አነጠፉት። ለወለል ያለዎት አሳቢነት ልብ ይነካል።

ሦስተኛ፣ ያንን መጋረጃ ፈትለው ያሠሩት እማሆይ እህተ ማርያም ናቸው። ልጅ አጥተው ሲያለቅሱ ኖረው፣ ማርያም ብትሰማቸው ያስገቡት ስለት ነው። ባለፈው ቅዳሜ በእግራቸው መጥተው ትል የረገፈበትን ጨርቅ አዩ። ጎንበስ ብለው ሊያነሱት ቢሞክሩ ጥበቃዎ ቅርስ አይነካም ብሎ ገፍትሮ አስወጣቸው። በዚያ ስለት የተወለደው ልጅ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እኔ ነኝ። ክቡርነትዎ፣ በጣም ተጸይፌዎታለሁ።

እንግዲህ ሥዕሏንም መጋረጃዋንም ከኅዳር ሃያ አንድ በፊት እንዲመልሱልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ማጠቡን ለእኛ ይተዉልን፤ ከእጅዎ ንጹሕ ነገር መጠበቅ እርስዎን ማስቸገር ነው።

እንደ መጋዘንዎ ጠረን ከልብሴ አልለቅ ባለ አክብሮት፣

ባዬ አንዷለም
የእማሆይ እህተ ማርያም ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእርስዎ ጅብ ግን ሳይጠይቅ የማርያም መጋረጃ ተነጥፎለታል። ሥዕሏ ለንግሡ ካልመጣች ንግሡ ራሱ ከነከበሮው፣ ከነጥላው፣ ከነምእመኑ ወደ መጋዘንዎ ይመጣልና፣ ለእኛም ጥቂት ቁርበት ያዘጋጁልን። ከፊት የሚመጡት እናቴ ናቸው፤ ጥበቃዎ ያን ዕለት ይግፋቸው።