ማንንም እንዳትጠይቂ ያልሽኝ ከተማ

ሮም፣ መስከረም 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም ተቀበልሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ክረምቱ አላንገላታሽም? ባለፈው የላክኩልሽን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አድለሽው ጨረሽ? የቀጨኔ ሰው ሁሉ ደህና ነው? ጡረታ ከወጣሽም በኋላ መርፌ ውጊልን እያሉ ደጅሽ እንደሚሰለፉ ይታየኛል። አንቺም እንቢ እንደማትይ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬ ተመልሻለሁ። የአየርላንድ ድንችና ቅቤ ጉድ ሠርቶኛል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ቅድሳን ናት፤ እኛ ሰፈር ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጠው። ለአሥራ አምስት ቀን ቤተሰቧን ልትጠይቅ ትመጣለች። በስልክ የማንነጋገር ይመስል ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትይኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር እኮ። ድምፅሽን ስሰማ ሁሉም ነገር ይጠፋብኝና ስለ በርበሬና ስለ ጎረቤት ሰርግ አውርተን እንዘጋለን። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። መነጽርሽን አድርገሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ሲኞራ በሚያዝያ ማረፋቸውን ታውቂያለሽ። አሥራ አንድ ዓመት ያጠብኳቸው፣ ያጎረስኳቸው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሰጠኋቸው ሴትዮ ናቸው። ከቀብር በኋላ ጠዋት ስነሳ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ እጄ ሥራ ፈታ። አንድ ቀን ከኣስገደት ጋር፣ አብራኝ ከምትኖረው ኤርትራዊት፣ ቪያ ቮልቱርኖ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ እየበላን ሳለ "እንግሊዝኛ ልማር አየርላንድ እሄዳለሁ" ብላት ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ። "ማዶና! በአርባ ዓመትሽ? ሰው በዚህ ዕድሜ ቤት ይሠራል እንጂ ፊደል ይቆጥራል?" አለችኝ። ለምን እንደፈለግኩ ለራሴም በደንብ አይገባኝም ነበር። የጣልያን ፓሳፖርቶ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ አንቺ ጋ ከመምጣት በቀር ሌላ አገር አላየሁበትም። አንድ ጊዜ እንኳ ማንንም ሳልደግፍ፣ የማንንም ጋሪ ሳልገፋ፣ ለማየት ብቻ መሄድ አማረኝ።

ትምህርቱን የሚያገናኘው ቢሮ ሦስት ከተማ አስመረጠኝ፤ ደብሊን፣ ኮርክ፣ ጎልዌይ። ጎልዌይ ሲሉኝ ልጅ ሆኜ ከመስተዋቱ ጠርዝ ላይ የሰካሻት ፖስት ካርድ ትዝ አለችኝ፤ ጀልባና ግራጫ ውሃ ያለባት፣ ሲስተር ኑዋላ የላኩልሽ። ስለ እሳቸው የማውቀው አንቺ የነገርሽኝን ብቻ ነው። በ66ቱ ድርቅ ወሎ መጠለያ ውስጥ የሠሩ አየርላንዳዊት መነኩሲት እንደነበሩ፣ አንቺን አስተርጓሚ አድርገው እንደወሰዱሽ፣ መርፌ መውጋትም ያስተማሩሽ እሳቸው እንደሆኑ። "ነርስነት ሊያስተምሩኝ ነበር፤ እንግሊዝኛው አቃተኝና ቀረሁ" እያልሽ ትስቂ ነበር። አብሬሽ እስቅ ነበር።

ጎልዌይ ልሄድ ነው ብዬ በስልክ ነገርኩሽ። አንቺም "ዝናብ ነው አገሩ፣ ወፍራም ነገር ያዢ" አልሽኝ። ትንሽ ቆይተሽ ደግሞ "እዚያ ማንንም እንዳትጠይቂ፤ የማውቃቸው ሁሉ ሞተዋል" አልሽ።

እማዬ፣ ጠየቅኩ። ይቅር በይኝ።

ግን መጀመሪያ ያየሁትን ልንገርሽ፤ አንቺ መንገደኛ ሲመጣ "ከመጀመሪያው ጀምሪ" የምትይ ሰው ነሽ።

ደብሊን ሁለት ቀን አደርኩ። መሀሏን ወንዝ ያቋርጣታል፤ በወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ብዛቱ! ሰው በዝናብ ውስጥ እንደ ጸሐይ ቀን ይንሸራሸራል። አንድ ትልቅ ኮሌጅ ውስጥ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ የብራና ወንጌል አለ ብለውኝ ተሰለፍኩ። በመስተዋት ውስጥ ተከፍቶ ተቀምጧል። ሐረጉን፣ በፊደሉ ውስጥ የተጠማዘዘውን እንስሳ፣ ቀዩን ቀለም ሳይ የእኛ መምሬ ከሣጥን አውጥተው የሚያሳዩን መሰለኝ። አጠገቤ ለቆሙት ሽማግሌ "እኛም አገር እንዲህ ያለ አለን" ልላቸው ፈለግኩ፤ እንግሊዝኛው አልመጣልኝም። ወንጌሉን እያመለከትኩ "እኔም" ብቻ አልኳቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ትንሽ ራቅ አሉ።

ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎልዌይ። ሜዳው ሁሉ በድንጋይ ካብ ተከፋፍሏል፤ ያለ ጭቃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። የመንገዱ ምልክት ሁለት ቋንቋ ነው። ከላይ የራሳቸው፣ ከታች እንግሊዝኛ። የገረመኝ፣ የላይኛውን የሚያነብ ሰው ብዙ አላገኘሁም። መምህራችን ቀጭን፣ ቀይ ጺም ያለው ሰው ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ ቅድመ አያቱ በራሷ ቋንቋ ተናገርሽ ተብላ ትምህርት ቤት ትገረፍ እንደነበር ነገረኝ። "ጠዋት እናንተን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት ሄጄ የገዛ ቋንቋዬን እማራለሁ" አለ። ይህን ሲል በአማርኛ ስንጠራቸው በጣልያንኛ የሚመልሱልንን የሮም ልጆቻችንን አሰብኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ያዞረናል። ባሕሩ ላይ የቆመ ገደል ወሰዱን፤ ግሸን ማርያም ስወጣ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ንፋሱ ሰውን ደግፎ ያቆማል። ሌላ ቀን ደግሞ ምን ባይ ጥሩ ነው? ጠበል! አዎ፣ ጠበል አላቸው! ሜዳ መሀል ትንሽ ምንጭ፣ ዙሪያውን ድንጋይ የተካበ፣ አጠገቡ ዛፍ፤ ዛፉ ላይ የታመመ ሰው ጨርቅ አስሮበታል። ለዓይን ነው አሉኝ። አማትቤ ዓይኔን ታጠብኩ። አብረውኝ የሚማሩት ብራዚሎች ፎቶ አነሱኝ።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን የቤት ሥራ ሰጠን። ከተማ ውስጥ ውጡ፣ የማታውቁትን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ መልሱን ጽፋችሁ አምጡ አለ። ሌሎቹ የአውቶቡስ ፌርማታ ጠየቁ። እኔ አንድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አበባ የምታስተካክል ሴት አገኘሁና፣ ኢትዮጵያ የነበሩ ሲስተር ኑዋላ የሚባሉ መነኩሲት ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። እንደማታውቅ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ለቤት ሥራው ያህል ነው። ሴትዮዋ አበባውን አስቀምጣ "ሐሙስ ሐሙስ ፀጉራቸውን የማስተካክልላቸው እኔ ነኝ" አለችኝ።

አልሞቱም፣ እማዬ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ያረጁ መነኮሳት በሚጦሩበት፣ ባሕር ዳር ባለ ቤት ይኖራሉ። በማግስቱ ሄድኩ። የምለውን በእንግሊዝኛ አጥንቼ፣ በመንገድ ላይ እየደጋገምኩ። መስኮት አጠገብ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ረጅም፣ ፊታቸው እንደ ተጣጠፈ ወረቀት። ያጠናሁትን ተወጣሁት። ጤና ይስጥልኝ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ብዬ ስምሽን ጠርቼ ልጇ ነኝ አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ፣ ጥርት ባለ የወሎ አማርኛ፣ "አብሽሪ፣ ቁጭ በይ የኔ እመቤት" አሉኝ። እንግሊዝኛ ልማር ባሕር ተሻግሬ!

ስላንቺ ሁለት ሰዓት አወሩ። "እሷ አፌ ነበረች። በሽተኛው ሳይናገር ፊቱን አይታ የት እንደሚያመው ትነግረኝ ነበር" አሉኝ። ደሴ ላይ ለፈተና ከተቀመጡት አሥራ አራት ሰዎች አንደኛ መውጣትሽን ነገሩኝ። ሎንዶን አንድ ሆስፒታል እንደተቀበለሽ፣ በነርሶቹ ማደሪያ አልጋ እንደተያዘልሽ፣ ለመስከረም ትደርሻለሽ ተብሎ ቀድመው ወደ አገራቸው የተመለሱት እሳቸው ቡናማ የሱፍ ካፖርት ገዝተው እንደጠበቁሽ።  ይህ ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ከዚያ በክረምቱ ደብዳቤሽ ደረሳቸው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቦታውን ለሌላ ይስጡት የሚል። ሲስተር ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ። "አንድ ቀን የመድኃኒት መጠን አሳስታ ብትተረጉም ሰው ፊት ጮኼባት ነበር። ድንኳን ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ቋንቋውን ያስጠላኋት እኔ ነኝ፤ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ስናዘዝ እሱን ሳልጠራ ቀርቼ አላውቅም" አሉኝ።

 ከዚያ፣ ወሬ ለመለወጥ ይመስለኛል፣ "አንቺ መቼ ተወለድሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ጥር 21 ቀን 67፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት አልኳቸው። የእኛን ወራት አልረሱም። ጣታቸው መቁጠሪያቸው ላይ አንድ አንድ እያለ ሲሄድ አየሁ፤ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ባሕሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። "አብሽሪ" አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ይሁን ላንቺ አላወቅኩም። ከዚያ በኋላ ፊታቸው ሌላ ሆነ፤ እንደ ልጅ እየሳቁ፣ ድንኳኑ በንፋስ ተነቅሎ አንቺ ገመዱን ይዘሽ የተጎተትሽበትን ቀን አጫወቱኝ። ስለ ደብዳቤው ዳግመኛ አላነሱም። ስሰናበት ብቻ ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ።

ክፍሌ ገብቼ አነበብኩት። የእጅ ጽሑፍሽን መች አጣዋለሁ። በማግስቱ የማን እንደሆነ ሳልናገር ለመምህሬ ሰጠሁትና ስህተቱን በቀይ እንዲያርምልኝ ለመንኩት። ሁለት ጊዜ አነበበው። እስክሪብቶውን ከደነና "የሚታረም የለውም። ይህን የጻፈው ሰው እንግሊዝኛዬ አይበቃም ካለ ሌላ ምክንያት ነበረው" አለኝ።

ከላይ ቀኑ በፈረንጅ ተጽፏል። ወደ እኛ መለስኩት፤ ሐምሌ 12 ቀን 66 ነው፤ እኔ ከመወለዴ ስድስት ወር አስቀድሞ።

ወደ ሮም ስመለስ በሎንዶን በኩል አደረግኩት። ሁለት ቀን ነበረኝ። ሰው የሚያየውን ሁሉ አየሁ፤ ቀዩን አውቶቡስ፣ ወንዙን፣ ንግሥቲቱ ቤት በር ላይ ሳይንቀሳቀሱ የሚቆሙትን ወታደሮች። ከመሬት በታች ባቡሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠፋሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠይቄ ወጣሁ፣ ስለዚህ ኣስገደት ተሸንፋለች። በመጨረሻው ቀን ሲስተር የጻፉልኝን አድራሻ ይዤ ሄድኩ። የነርሶቹ ማደሪያ የነበረው ቀይ የሸክላ ሕንፃ ነው፤ አሁን የሰው መኖሪያ ሆኗል። አራት ፎቅ፣ ጠባብ ጠባብ መስኮቶች። ግቢው ውስጥ ትልቅ ዛፍና አግዳሚ ወንበር አለ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ጋናዊ ነው፤ ምን ፈልገሽ ነው አለኝ።

እንግሊዝኛ ታስቦ ላልተደረገ ነገር የራሱ አነጋገር አለው፤ መምህሬ አንድ ሳምንት ያለፋን በእሱ ነው። በእሱ መለስኩለት። "እናቴ እዚህ ልትኖር ነበር" አልኩት። "ታዲያ ለምን ቀረች?" አለኝ።

"እኔ መጣሁ" አልኩት።

ዛሬ መምጣቴን የምነግረው መስሎት "እንኳን ደህና መጣሽ" አለኝና በሩን ከፈተልኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከመስኮቶቹ የትኛው ያንቺ ሊሆን እንደነበር ለመገመት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። አለቀስኩ፤ ግን ክፉ ለቅሶ አልነበረም። ጋናዊው መጥቶ ሻይ በወረቀት ኩባያ አጠገቤ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ስለዚህ ጉዳይ የምትነግሪኝ ካለ እሰማለሁ፤ ከሌለም ይቅር። አንድ ነገር ብቻ አውቀሽ እንድትኖሪ እፈልጋለሁ፤ ሲስተር አሁን የሚናዘዙበት ነገር የላቸውም።

ሰኞ አዲስ ሥራ እጀምራለሁ፤ የታመሙ አዛውንት ናቸው፣ ልጃቸው ደግ ትመስላለች። ለአስተርእዮ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፤ አንድ ላይ እንውላለን።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ሲስተር ኑዋላ የጻፉልሽ ደብዳቤ አለ። አራት ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ተርጉሜ ልላክልሽ ብዬ ወረቀትና መዝገበ ቃላት አውጥቼ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ተውኩት፤ ላንቺ አስተርጓሚ አያስፈልግሽም። አድራሻቸው ደብዳቤያቸው ላይ ከላይ አለ። ዕድሜያቸው ገፍቷልና መልሱን አታዘግዪባቸው።

እኔን በእጅሽ የሰጠች እመቤቴ ማርያም አንቺን ለእኔ ታቆይልኝ። ጉልበትሽን ታጽናልኝ፣ ደጅሽን የሰላም ደጅ ታድርግልኝ።

እግርሽን የምስም
ልጅሽ